ተልኳል ይላል

የመዳቡ መስመር፣ አሮጌው ገመድ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህች መዝገብ ቤት
ወረቀት ሲያሻግር፣ ክረምት ከበጋ፣
"ደከመኝ" አላለም። በሰኔ መባቻ
መጥተው ነቀሉት።
በምትኩ ሰቀሉ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣
አረንጓዴ ዓይኑን የሚያርገበግብ ሳጥን፤
"ከእንግዲህ ስልኩም ፋክሱም በኢንተርኔት ነው" አሉን፣
"ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው።" እኛም እሺ አልን።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣
ትእዛዙ ወጣልኝ፦ ጥላዬ ምንውየለት
በዋስ ይለቀቅ።
መረብ ነው ነገሩ፤ ሌሊት ሐይቁ ላይ
የሁለት ሰው መረብ ተጠላልፎ
ጠቡም አብሮ ተጠላልፎ፣
ጎርጎራ ጣቢያ ነው፣ ሃያ ቀን አልፎታል።
ሚስቱ ውዴ አግዳሚው ጫፍ ላይ
ጫማዋን አውልቃ ትጠብቃለች።
"አሁን ይደርሳል" አልኳት።
"በምን?" አለች።
"በዚህ።"
ሳጥኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ዝም አለች።

ሁለቱ ማሽኖች፣ የኔና የዚያኛው፣
ሲገናኙ እንደ ባላገር ናቸው፤
ሰላምታው ይረዝማል፦
እንደምን ነህ፣ ደህና ነህ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣
እግዜር ይመስገን፣ እግዜር ይመስገን፣
እያፏጩ፣ እያጓሩ።
ከዚያ መሀል አንዲት "ይመስገን" ብትጎድል
ተቀያይመው ነው የሚለያዩ።
መዳቡ አንድም ቃል ጥሎ አያውቅም ነበር፤
ይሄኛው ይጥላል።

ስደውል ሳጅን ይርዳው
"ደረሰ" አለኝ፤ "ግማሹ።
'ጥላዬ ምን' ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው።
ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው።"
የኔ ማሽን ግን ብጣሽ ወረቀት ተፋ፦
"አንድ ገጽ። ተልኳል። ውጤት፦ መልካም።"
በዚህ ቤት ሐሰተኛ ምስክር ስንቱን አይቻለሁ፤
እንዲህ ረጋ ብሎ፣ ቀንና ሰዓት ጠቅሶ
የሚዋሽ ግን አላየሁም።

ምንይችልን ጠራሁ፣ የኔትወርኩን ልጅ።
ማስቲካ እያኘከ መጣ።
"ድምፅ ሲላክ" አለኝ፣ "እንደ ዳቦ ተቆርሶ ነው፤
ቁራሹ በየመንገዱ ይሄዳል፣
የዘገየው ይጣላል።
ጆሮ ደግ ነው፣ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤
ወረቀት ግን ደግነት አያውቅም።"
ፍጥነቱን ቀነሰው፣ ከአሥራ አራት ሺህ
ወደ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ፤
"ማታ ሞክሪ" አለ፣ "ሰው ሲተኛ፣
መስመሩ ሲቀልለው።"

እውነቱን ነው። ሳጅኑን በስልክ
"በዋ… ይለቀ… ዳኛው ፈር…" ስለው
ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ጨረሰልኝ።
"እኔ ገብቶኛል እህቴ፤ ሕጉ ግን ጆሮ የለውም።"

ውዴ ተነሣች። "በእጄ ስጪኝ።"
ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ
በፌስታል ጠቀለልኩላት፣ በፌስታሉ ላይ ሌላ ፌስታል።
እሑድ ማለዳ ጀልባው ላይ ወጣች፣
በደቅ በኩል፣ ቁንዝላ አዳሪ፣
ሰኞ ጎርጎራ።
ጀልባ ቀርፋፋ ነው፤ ገጽ ግን አይቆርጥም።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ዘበኛው አበረ በሩን ከፈተልኝ፤
ከዳር ጉማሬ ሣር ሲነጭ ይሰማል።
ላክሁ። ተቋረጠ። ላክሁ። ተቋረጠ።
በአሥራ አንደኛው
ሰላምታው ሳይጎድል እስከ መጨረሻው "ይመስገን" ዘለቀ፤
ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ ክቡ ማኅተም ሳይቀር፣
ገጹ ሙሉውን አለፈ።

ሰኞ አሥር ሰዓት ጢሙ ያደገ ሰው
በመስኮቴ በኩል አንገቱን አስገባ፤
በጎንደር ዞሮ፣ በሚኒባስ መጥቶ።
"ጥላዬ ምን?" አልኩት፣ አፌን አምልጦኝ።
"ምንውየለት" አለኝ። "ውዴስ?"

ባል በየብስ መጣ፣ ሚስት በውሃ ሄደች፤
ኋላ የተላከው ቀድሞ ገባ።
ይህንንም ነግሮኝ ነበር ምንይችል፦
ቁራሾቹ በተራቸው አይደርሱም ብሎ።

ስልኩን አነሣሁ። "ሳጅን… ከጀል… ስትወር…
ንገ… እዚህ ነው… እንዳት…"
"ገባኝ" አለ፣ "ገባኝ፤ ወደቡ ላይ ሰው ልኬያለሁ።"

ጥላዬ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣
እሷ በነበረችበት።
ጫማውን አወለቀ።